ከወንዝ ዳር የተነሣ ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ምርምር በሥነ ሕይወት ሳይንስ

በሥነ ሕይወት ሳይንስ የሚካሄድ የድኅረ ምረቃ ምርምር፣ ሕይወት ስላለው ነገር ገና መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ መርጦ፣ ጥያቄውን በሚቆጠርና በሚለካ ነገር ሊመለስ እስኪችል ድረስ የማጥበብ ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚመዘነው ሌሎች የደረሱበትን ምን ያህል እንደተረዳ ነው፤ የቤተ ሙከራ ልምምዱ ሳይቀር ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን መልሱን አማካሪው ራሱ የማያውቀው ጥያቄ ይዞ ይነሣል። ማስትሬት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ኮርሶቹን ይጨርስና በሁለተኛው አንድ ውስን ጥናት ሠርቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርባል። ዶክትሬት አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ የሚጠበቀውም ለዘርፉ አዲስ የሆነ ዕውቀት ነው። በማስትሬት ተማሪው ምርምር እንዴት እንደሚሠራ ይማራል፤ በዶክትሬት ምን መመርመር እንደሚገባው ራሱ መወሰን ይጀምራል።

ይህ ሥልጠና በኢትዮጵያ ምድር መሰጠት የጀመረው ዘግይቶ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ፤ የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን በ1978 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ተመራማሪ መሆን የፈለገ ሁሉ ባሕር መሻገር ነበረበት። አክሊሉ ለማ በዊስኮንሲን ማስትሬቱን፣ በ1964 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። ገቢሳ ኤጀታ በ1973 ከአለማያ ኮሌጅ ተመርቆ በ1978 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ጨረሰ። ትምህርት ቤቱ ከተቋቋመ በኋላም ሰብስቤ ደምሰው በ1985 የተመረቀው ወደ ስዊድን ሄዶ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስቱም ዓለም ያወቃቸው ከሄዱበት አገር ቤተ ሙከራ ባገኙት ጥያቄ አይደለም። አንዱ በአገሩ ወንዝ፣ ሌላው በማሽላ ማሳ፣ ሦስተኛው በአገሩ ዕፅዋት ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ዘዴውን ከውጭ ተማሩ፤ ጥያቄው ግን ከቤት ነበር። የድኅረ ምረቃ ምርምር ዋጋ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

የጥያቄ አወላለድና አጠባበብ ከእንዶድ ታሪክ በላይ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ቢልሃርዝያ የሚያመጣው ጥገኛ ትል ሕይወቱን በሁለት ቤት ይመራል። ከበሽተኛው ሰው ጋር የወጣው እንቁላል ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ አንድ የተወሰነ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ውኃው ይመለስና ለመዋኘት፣ ለመቅዳት ወይም ለማጠብ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አክሊሉ ለማ በ1964 ወደ ዓድዋ የወረደው እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ነበሩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ሕያው ነበሩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ሳሙና በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በዚህ ፍሬ አረፋ እንደነበር የማያውቅ የደጋ ሰው የለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምርምር ከተራ ትዝብት የሚለየው በዚህ ቅጽበት ነው። ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች የሞቱበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። የሰውና የከብት እግር ረግጧቸው፣ ውኃው ደፍርሶባቸው፣ ከልብሱ የወጣው እድፍ መርዟቸው ወይም በሽታ ገብቶባቸው ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ሁሉ እንዶዱን ነጥሎ የሚያወጣው ሙከራ በጣም ቀላል ነበር። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ውስጥ ተደረጉ፤ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ጨመረችበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ቤተ ሙከራ ሲገባ ደግሞ ያው ውኃ፣ ያው ቀንድ አውጣ፣ ያው ሙቀት ተይዞ ልዩነቱ እንዶድ መኖሩና አለመኖሩ ብቻ ይሆናል። እንዶድ ያልገባበት ዕቃ ማነጻጸሪያ ይባላል። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ ማነጻጸሪያውን እንደ ተጨማሪ ወጪ ያየዋል። እንዲያውም ጥናቱ የሚቆመው በሱ ላይ ነው፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ጥናት ቀንድ አውጣው መሞቱን ሊናገር ይችላል፣ ለምን እንደሞተ ግን ሊናገር አይችልም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አወጣ። ስንት ይበቃል? የደረቀውና የተፈጨው ፍሬ በአንድ ሊትር ውኃ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹን ይገድላል። የሚገድለው ምንድን ነው? ሳፖኒን የሚባሉ አረፋ የሚያወጡ ውሕዶች ናቸው፤ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከተለዩት ዋነኛው በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን ተባለ። ኬሚስቶች አንድ የሚያስገርም ነገርም ደረሱበት። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን በመጀመሪያ መልኩ ቀንድ አውጣን አይገድልም፤ ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሞለኪዩሉ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ገዳዩ ውሕድ የሚወለደው ያን ጊዜ ነው። የዓድዋ ሴቶች ፍሬውን ወቅጠው በውኃ ማሸታቸው፣ ሳያውቁት፣ ትክክለኛው የኬሚስትሪ አሠራር ሆኖ ተገኘ።

የትኛው እንዶድ ይሻላል? ይህን የዕፅዋት ሊቁ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ያዘው። ከተለያየ አካባቢ የተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች በጉልበታቸውም፣ በምርታቸውም፣ ተባይን በመቋቋማቸውም አንድ አልነበሩም፤ ተነጻጽረው ኢ-44 የተባለው ተመረጠ። የእንዶድ ወንዴና ሴቴ በተለያየ ተክል ላይ ስለሚሆኑ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። ከዘር የተዘራ እንዶድ ወንዴ ሊሆን ይችላል፤ ሴቴ ቢሆን እንኳ የእናቱን ጠባይ በሙሉ ላይዝ ይችላል። ስለዚህ ኢ-44 የሚባዛው በቁርጥራጭ ነው። በሕዝብ ላይስ ለውጥ ያመጣል? በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው የአምስት ዓመት ሥራ የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው የበለጠ ይናገራል። ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር ትልቅ ሰው ላይ የሚገኘው በሽታ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተያዘ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ላይ የሚገኘው ግን በቅርቡ የተያዘ ብቻ ነው። ማንን መለካት እንዳለበት ማወቅ እንዴት መለካት እንዳለበት ከማወቅ አያንስም።

የእንዶድ መንገድ ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ ሆነ። ሳፖኒኑ ዓሣንም ይገድላል፤ በሰፊው ከመሠራጨቱ በፊት ለሰውና ለከብት ያለው ጠንቅ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተመሠከረለት ቤተ ሙከራ እንዲፈተሽ ተጠየቀ፤ ለዚያ የሚሆነው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት አልተገኘም። በዚህ መሐል ፕራዚኳንተል የተባለው መድኃኒት መጣና የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣውን ከማጥፋት ሰውየውን ወደ ማከም ዞረ። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተጋሩ፤ አክሊሉ በ1966 ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስሙ ይጠራል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ነገር መጠን ነው። ከአንድ ወንዝ ዳር ትዝብት የኬሚስትሪ፣ የዕፅዋት ማራባት፣ የቀንድ አውጣ ፊዚዮሎጂ፣ የኅብረተሰብ ጤናና የመርዛማነት ጥያቄ ወጣ፤ እያንዳንዱ ለብቻው አንድ ዶክትሬት ይሞላል። ሁሉንም በአንድ ፕሮፖዛል ሊጨርስ የተነሣ ተማሪ አንዱንም አይጨርስም። «በኢትዮጵያ ቢልሃርዝያን በባህላዊ ዕፅዋት መቆጣጠር» የሚል ርዕስ ጥያቄ የለውም። «የኢ-44 ፍሬ ተፈጭቶ በስንት ቀን ውስጥ ጉልበቱን ያጣል?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ምን መግዛት፣ ምን መለካት፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄው ከጠበበ በኋላ የሚቀድመው ሥራ ስም ነው። እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፣ በአፋን ኦሮሞ ሀንዶዴ ይባላል፤ በሌላ በኩል አንድ የአማርኛ ስም እንደ አካባቢው ለሁለትና ለሦስት የተለያዩ ዕፅዋት ሊሰጥ ይችላል። ባህላዊ መድኃኒት የሚያጠና ተማሪ የሰበሰበው ቅጠል ምን እንደሆነ በእርግጥ ካላወቀ ከሱ በኋላ ያለው የኬሚስትሪ ሥራ ሁሉ ባለቤት የለውም። መፍትሔው የሰበሰበውን ተክል ቅርንጫፍ ከነአበባውና ከነፍሬው በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ማድረቅ፣ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን ጽፎ ወደ ሄርባሪየም፣ ማለትም ወደ ደረቅ ዕፅዋት ማኅደር፣ ማስገባት ነው። አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ግቢ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የተመሠረተው በ1959 ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ መዝግቦ የመግለጽ ሥራ በ1980 ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ፤ 8 ቅጽ ወጣው። ወደ 6000 የሚጠጉ ዕፅዋት ተመዘገቡ፤ ከነሱም 10 በመቶ ያህሉ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የወሰደው ይህ ሥራ በየወረቀቱ ላይ በተለጠፈ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ነገ አንድ ሰው የተማሪውን ውጤት ቢጠራጠር ወደዚያ ወረቀት ሄዶ ተክሉን በዓይኑ ማየት ይችላል። ከዚህ የሚበልጥ ሐቀኝነት በሳይንስ የለም።

ስሙ ከታወቀ ቀጥሎ የሚመጣው የሙከራው ንድፍ ነው፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ ማሳና የግጦሽ መሬት ሆኖ በመካከሉ እንደ ደሴት ጎልቶ የሚታየው አረንጓዴ ክብ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። አለማየሁ ዋሴ በ2007 በኔዘርላንድ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ላቀረበው ዶክትሬት እነዚህን ደኖች አጠና፤ በ28 አብያተ ክርስቲያናት 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎች ተመዘገቡ። የከበደው ጥያቄ ግን ቀጥሎ ያለው ነበር፤ ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፣ ልጆቻቸው ለምን የሉም? ምናልባት ዘሩ አይበቅል ይሆናል፤ ምናልባት ጥላው ከብዶት ይሆናል፤ ምናልባት ከብት ይበላውና ይረግጠው ይሆናል። እያንዳንዱ መላ ምት የየራሱ ፈተና አለው። በአፈሩ ውስጥ ዘር ተቀብሮ መኖሩ ታየ፤ የአብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች ዘር እንደማይገኝ ታወቀ። ማለትም ደኑ አንዴ ከተመነጠረ ከአፈሩ ተመልሶ አይነሣም። ከዚያ ደግሞ እንደ ጥድና ወይራ ያሉ ዛፎች በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ተነጻጸሩ፤ ከብት የማይገባበት ቦታ ላይ ያለው ቡቃያ በብቅለቱም በዕድገቱም ተሽሎ ተገኘ። አጥር የሚያድን መሆኑ በቁጥር ከታወቀ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ የድንጋይ ካብ መሥራት የሚጀምሩበት ምክንያት አገኙ።

እንዲህ ባለ ጥናት ውስጥ የሚያደናግረው ነገር ቁጥር ነው። ተማሪው በአንድ ደን ውስጥ ሠላሳ መደብ ለክቶ ሠላሳ ናሙና አለኝ ሊል ይችላል። ስለዚያ አንድ ደን ለመናገር ከሆነ እውነቱን ነው፤ ስለ ደቡብ ጎንደር ደኖች ለመናገር ከሆነ ግን ያለው ናሙና አንድ ብቻ ነው። ስቱዋርት ኸርልበርት የተባለው የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ በ1984 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ስሕተት ሐሰተኛ ድግግሞሽ ብሎ ሰየመው፤ በዘመኑ ከታተሙ የመስክ ሙከራዎችም ብዙዎቹ ውስጥ አገኘው። 28 አብያተ ክርስቲያናት መጎብኘት አድካሚ ነው፤ ድካሙ ግን የሚገዛው ነገር ስለ አካባቢው ሁሉ የመናገር መብት ነው። የትኛው መደብ ይታጠር የሚለውም በተማሪው ምርጫ መሆን የለበትም። ሰው ሳያስበው የተሻለውን ቦታ ለሚወደው አማራጭ ይሰጣል። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹ በሮትሀምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያስተማረው መፍትሔ የአገራችን ገበሬ መሬት ሲከፋፈል ከኖረበት የተለየ አይደለም፤ ዕጣ መጣል ነው። ዕጣው ለማንም አያዳላም። በኋላ የሚመጣው የስታቲስቲክስ ስሌት ሁሉ ትርጉም የሚኖረው መጀመሪያ ዕጣ ከተጣለ ነው፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ስታቲስቲክስ ባለሙያ መሄድ በአብዛኛው የረፈደ ነው።

በሥነ ሕይወት ምርምር የቀን መቁጠሪያውን የሚያወጣው ተማሪው ሳይሆን ፍጥረቱ ነው። ጤፍ ለብዙ ጊዜ ሊዳቀል የማይችል ሰብል ተደርጎ ይታይ ነበር፤ አበባው እጅግ ከማነሱም በላይ ተከፍቶ የሚያየው አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ መሆኑን ደረሰበት። ከዚህ በኋላ በማጉያ መነጽር ሥር ወንዴውን ክፍል ነቅሎ ከሌላ ዓይነት ማዳቀል ተቻለ፤ ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ2006 የተለቀቀው ከዚሁ የማዳቀል ሥራ በመነሣት ነው። አንድ ሰዓት የማይሞላ የማለዳ ጊዜ ያልታወቀበት ዘመን ሁሉ የጤፍ ማሻሻል ከገበሬው ማሳ ከመምረጥ ብዙም አላለፈም ነበር። የመስክ ተማሪም እንዲሁ ክረምት አንዴ ካመለጠው ዓመት ይጠብቃል።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ መስክና ቤተ ሙከራ ካልተጋገዙ አይፈታም፤ የአቀንጭራ ነገር እንዲህ ነው። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም ነው። ከመሬት በላይ ወይን ጠጅ አበባው ሲታይ ጉዳቱ ከመሬት በታች አልቋል፤ ነቅሎ መጣሉ ማሽላውን አያድነውም። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ከአቧራ ብዙም የማይበልጥ ዘር ይጥላል፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። በራሱ አይበቅልም። የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያወጣውን ኬሚካል ሲቀምስ ብቻ ነው፤ የሚጣበቅበት ተክል ሳያገኝ ቢበቅል በጥቂት ቀን ይሞታልና። ከእነዚህ ኬሚካሎች የመጀመሪያው በ1966 ተለየ፤ የተገኘው ግን አቀንጭራ ከማያጠቃው ከጥጥ ሥር ነበር። ጥያቄው ለአርባ ዓመት ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ተክል ጠላቱን የሚጠራ ኬሚካል ለምን ያወጣል? በ2005 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ኬሚካሉ የሚጠራው ወዳጅን ነው፤ ከሥሩ ጋር ተባብሮ ፎስፎረስ የሚያቀብለውን ፈንገስ። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ጥሪ ሰምቶ የሚመጣ ነው። በ2008 ደግሞ ያው ኬሚካል በተክሉ ውስጥ የቅርንጫፍ ብዛትን የሚወስን ሆርሞን መሆኑ ታወቀ። የተራበ መሬት ላይ ያለ ተክል ፈንገሱን ለማግኘት አብዝቶ ይጣራል፤ አቀንጭራ ለምነቱ ባለቀ ማሳ ላይ የሚብሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ይህን ከድሮም በዓይኑ ያውቀው ነበር፤ ምክንያቱ የተገኘው በቤተ ሙከራ ነው።

ገቢሳ ኤጀታ ዶክትሬቱን እንደጨረሰ ወደ ሱዳን ሄዶ በ1983 ሀጊን ዱራ-1 የተባለውን ድቅል ማሽላ ካወጣ በኋላ ወደ ፐርዱ ተመልሶ የያዘው ይህን ጠላት ነበር። ሌሎች አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ማሳ ላይ ይፈልጉ ነበር፤ ማሳው ግን ዝናቡ፣ አፈሩና የዘሩ ክምችት ስለሚለያይ ውጤቱ ከዓመት ዓመት ይወዛወዛል። ገቢሳ ከባዮኬሚስቱ ላሪ በትለር ጋር ሆኖ «መቋቋም» የሚለውን ትልቅ ቃል ሰባበረው። ማሽላው የሚጠራውን ኬሚካል ያሳንሳል? ጥገኛው ሲጣበቅ ይከላከላል? ከተጣበቀ በኋላ ያስርበዋል? ለመጀመሪያው የተዘጋጀው ሙከራ በአንድ ሳህን ላይ የሚያልቅ ነው። ከባሕር ዕፅ በሚወጣ ዝልግልግ ውስጥ የአቀንጭራ ዘር ይበተናል፤ የማሽላ ቡቃያ ይተከልበታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥሩ ስንት ሚሊ ሜትር ርቀት ድረስ ዘር እንደበቀለ በማጉያ መነጽር ይለካል። አጭር ርቀት ማለት ደካማ ጥሪ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተመረጠው ጠባይ በማዳቀል ወደ ተሻሻሉ ዝርያዎች ገባ፤ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት በኢትዮጵያ ተለቀቁ። በ2009 ገቢሳ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2017 ደግሞ ከዚያው ከፐርዱ የወጣ ሥራ ጠባዩን የሚወስነውን ዘረ መል ለይቶ አሳየ። ዘረ መሉ ሲጎድል ማሽላው ዝም አይልም፤ የጥሪውን ዓይነት ይለውጣል፤ ፈንገሱ ይሰማዋል፣ አቀንጭራ ግን በደንብ አይሰማውም። በሳህን ላይ የተለካ ሚሊ ሜትር ከማሳ እስከ ዘረ መል ያደረሰ ይህን የመሰለ ጥናት ብዙ አይገኝም፤ በየደረጃውም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እጅ አለበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰው መካከል ነው። አማካሪው ጥያቄውን ያጠብባል፣ ዘዴውን ያርማል፣ ገንዘቡን ያፈላልጋል፤ ተማሪው ደግሞ በየዕለቱ ማሳውንና ናሙናውን የሚያየው እሱ ነው። ጥሩ ግንኙነት የሚባለው ተማሪው ያልጠበቀውን ነገር ሲያይ ሳይፈራ የሚናገርበት ነው፤ ከመላ ምቱ ጋር ያልተስማማውን ቁጥር ከደብተሩ የሚያወጣ ተማሪ ሳይንስን ከመጉዳቱ በፊት ራሱን ይጎዳል። ደብተሩ በቀለም፣ በቀን፣ ስሕተቱ በአንድ መስመር ተሰርዞ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ ይጻፋል። በኢትዮጵያ ለሚሠራ ተማሪ የኬሚካል አቅርቦትና የመብራት ነገር የንድፉ አካል ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ናሙና መብራት ሲጠፋ የት እንደሚሄድ በፕሮፖዛሉ ላይ መታሰብ አለበት፤ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ወራት ሊወስድ ስለሚችል ትእዛዙ ከመስክ ሥራው ይቀድማል። በዚህ የተፈተነ ተማሪ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ይማራል፤ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ የተቆጠረ ቡቃያ በችኮላ ከተነበበ የዘረ መል ቅደም ተከተል የበለጠ እውነት ይናገራል።

ፈቃድም የምርምሩ ክፍል ነው። በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው አይጀመርም፤ የተጠየቀው ሰው ገብቶት መስማማት አለበት፤ በእንስሳት ላይ የሚደረገውም ሥቃይን የሚያሳንስ መሆን ይኖርበታል። የኢትዮጵያ የዘረ መል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 482/2006 ይገዛል፤ ዓለም አቀፉ የናጎያ ስምምነት ደግሞ በ2010 ወጣ። የሕጉን አስፈላጊነት የጤፍ ክርክር ያሳያል፤ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት ተወስዶበት ለዓመታት ካከራከረ በኋላ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ያለውን መብት ዋጋ የለውም ብሏል። አንድ መድኃኒት ዐዋቂ አባት ለወጣት ተማሪ የሚያሳዩት ቅጠል የእሳቸውና የመንደራቸው ዕውቀት ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ፣ ምኑ ይጻፍ ምኑ ይቅር እንደሚሉ መጠየቅ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ ጥናቱ ሲያልቅም ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ ተመልሶ መንገር ያስፈልጋል።

የመመረቂያው ጽሑፍ የሚጻፈው ከሁሉም በኋላ ይመስላል፤ የተሻለው ተማሪ ግን የዘዴውን ምዕራፍ ሥራውን እየሠራ፣ ሠንጠረዦቹንም ባዶ አድርጎ አስቀድሞ ያዘጋጃቸዋል። ምን ዓይነት ቁጥር በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ ያላወቀ ሰው ምን እየለካ እንዳለ ገና አላወቀም። በዲፌንሱ ቀን ከውጭ የመጣው ፈታኝ ከሁሉ አጥብቆ የሚጠይቀው «ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም ወይ?» የሚለውን ነው፤ ይህም በዓድዋ ወንዝ ዳር በአረፋና በዕቃ የተመለሰው ጥያቄ ነው። የአጥሩ ጥቅም ባይታይ ኖሮ፣ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ባይገድል ኖሮ፣ ያም ውጤት ነው፤ በአግባቡ የተነደፈ ሙከራ «የለም» ብሎ ሲመልስ ለሚቀጥለው ተማሪ አንድ በር ይዘጋለታል፤ ዓመታትም ያተርፍለታል። ፈታኞቹ ያዘዙት እርማት ገብቶ የተጠረዘው ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ሲደርስ፣ የዕፅዋቱ ናሙና በሄርባሪየሙ መሳቢያ ቦታውን ሲይዝ፣ ጥሬው መረጃም ሌላ ሰው ከፍቶ እንደገና ሊያሰላው በሚችል መልክ ሲቀመጥ ጥናቱ ተፈጸመ ይባላል።